ኪዩቡ አለፈ፤ ምሰሶውስ? በራሱ የሚጠቀጠቅ ባለፋይበር ኮንክሪትና የፍተሻ ግዴታ

በውጭ አገር የሚኖር ኢትዮጵያዊ በአዲስ አበባ፣ በባሕር ዳር ወይም በሐዋሳ ቤት ሲያሠራ ወይም አፓርታማ ሲገዛ፣ ገንዘቡ የዋለበትን ዋነኛ ነገር በዓይኑ አያየውም። ቀለሙን፣ ሴራሚኩንና የመስኮቱን ፍሬም በስልክ በሚላክለት ፎቶግራፍ ይመለከታል፤ ሕንፃውን አቁሞ የሚያኖረው አርማታ ግን ከልስኑ በስተጀርባ ተሰውሯል። ስለ አርማታው የሚደርሰው መረጃ ካለ አንድ ወረቀት ነው። በወረቀቱ ላይ የ28 ቀን የኪዩብ ውጤትና «አልፏል» የሚል ቃል ይነበባል። በዋሽንግተን፣ በፍራንክፈርት ወይም በዱባይ ሁለት ሥራ እየሠራ ለዓመታት ያጠራቀመ ሰው በዚህ አንድ ቃል ተማምኖ ቀጣዩን ክፍያ ይልካል።

ይህ እምነት የቆመበት መሠረት ጠባብ ነው። ኪዩቡ በምሰሶው ውስጥ ስላለው አርማታ የሚሰጠው ምስክርነት ከፊል ብቻ ነው። በሚክሰር መኪና የሚደርስ ዝግጁ ኮንክሪት በአዲስ አበባ እየተለመደ በመጣበት በአሁኑ ጊዜ፣ በሌላው ዓለም የተስፋፋው በራሱ የሚጠቀጠቅ ኮንክሪት፣ በተለይም ፋይበር የተጨመረበት ዓይነት፣ ወደ ኢትዮጵያ የግንባታ ሥራዎች መግባቱ የማይቀር ነው። ያን ጊዜ የኪዩቡ ምስክርነት ይበልጥ ይጎድላል። ቴክኖሎጂው ለአገሪቱ ሊጠቅም የሚችል ነው፤ ያለ ፍተሻው ከገባ ግን የሚያመጣው አደጋ ከሚያስቀረው ሊበልጥ ይችላል። ስለዚህ ተቆጣጣሪው አካል ኮንክሪቱን ከመፍቀዱ በፊት ፍተሻውን መደንገግ አለበት፤ የፍተሻውንም ውጤት ገንዘቡን የሚከፍለው ሰው የማየት መብት ሊኖረው ይገባል።

ኪዩቡ የማይናገረው

የኪዩብ ፍተሻ አሠራር የታወቀ ነው። ከሚፈሰው አርማታ ናሙና ተወስዶ ጎኑ 150 ሚሊ ሜትር በሆነ ሣጥን ውስጥ ይሞላል፤ በዘንግ ይወጋል ወይም ይነዘራል፤ ሲጠነክር ከሣጥኑ ወጥቶ ውኃ ውስጥ ይቆያል፤ ብዙውን ጊዜ በ7ኛውና በ28ኛው ቀን በመጭመቂያ መሣሪያ ተጨምቆ የተሰበረበት ኃይል ይመዘገባል። ሲ-25 በሚባለው ደረጃ የሚጠበቀው የኪዩብ ጥንካሬ 25 ሜጋ ፓስካል፣ ማለትም በእያንዳንዱ ስኩዌር ሚሊ ሜትር 25 ኒውተን ነው።

ፍተሻው ትክክለኛና አስፈላጊ ነው። ችግሩ ያለው በኪዩቡና በምሰሶው መካከል ባለው ልዩነት ላይ ነው። ኪዩቡን የሚሞላው የሠለጠነ እጅ ነው፤ በሣጥኑ ውስጥ ብረት የለም፤ ጥልቀቱም ከአንድ ስንዝር አይበልጥም። ምሰሶው ግን ሦስት ሜትር ያህል ከፍታ አለው፤ ውስጡ በፌሮና በስታፋ የተጨናነቀ ነው፤ አርማታው በባሬላና በባልዲ እየተመላለሰ ይደፋበታል። ቫይብሬተሩ አንዳንድ ጊዜ ይበላሻል፤ አንዳንድ ጊዜ የያዘው ሠራተኛ ይደክመዋል፤ አንዳንድ ጊዜም ፌሮው ከመጨናነቁ የተነሣ የቫይብሬተሩ መርፌ ጭራሽ አይገባም። በዚህ ሁኔታ ውስጥ ያለፈ አርማታ በየመካከሉ የማር እንጀራ የመሰለ ቀዳዳ ይዞ ይቀራል። ፎርምወርኩ ሲፈታ ቀዳዳው በገሃድ ይታያል፤ አሠሪው ከመድረሱ በፊት ግን በሲሚንቶ ልስን ሊደፈን ይችላል።

በአርማታ ውስጥ የቀረ አየር፣ ለእያንዳንዱ አንድ በመቶ፣ ጥንካሬውን በ5 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ በኮንክሪት ሳይንስ የታወቀ ነው። አምስት በመቶ ቀዳዳ ያለበት ምሰሶ ከጥንካሬው ሩቡን ወይም ከዚያ በላይ አጥቷል ማለት ነው። ለዚያው ምሰሶ የተወሰደው ኪዩብ ግን በላቦራቶሪው መዝገብ «አልፏል» ተብሎ ይጻፋል። መዝገቡ አልዋሸም፤ የተጠየቀው ስለ ኪዩቡ ነውና።

ሁለተኛው የተሰወረ ጉዳት ውኃ ነው። አርማታው እየደረቀ ለመደፋት ሲያስቸግር፣ በሥራ ቦታ ፈጥኖ የሚገኘው መድኃኒት አንድ ባልዲ ውኃ መጨመር ነው። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ በአንድ ሜትር ኩብ ውስጥ 350 ኪሎ ግራም ሲሚንቶና 175 ሊትር ውኃ ካለ፣ የውኃውና የሲሚንቶው ምጣኔ 0.50 ነው፤ 35 ሊትር ሲጨመር 0.60 ይሆናል። ይህ ለውጥ ከአርማታው ጥንካሬ አንድ አምስተኛውን ያህል ሊያሳጣ ይችላል፤ በቀላሉ የሚሰነጠቅና ውኃ የሚያሰርግ ያደርገዋል። ናሙናው የተወሰደው ውኃው ከመጨመሩ በፊት ከሆነ ኪዩቡ ይህንንም አይናገርም።

ጃፓን የሰጠችው መልስ

ጃፓን በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. የገጠማት ችግር ከዚህ የራቀ አልነበረም። የሠለጠኑ የግንባታ ሠራተኞች ቁጥር እየተመናመነ ሲሄድ፣ በአግባቡ ሳይጠቀጠቅ የቀረ አርማታ የግንባታዎችን ዕድሜ ያሳጥር ጀመር። በ1986 በቶኪዮ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሐጂሜ ኦካሙራ ያቀረቡት መፍትሔ፣ የኮንክሪቱ ጥራት በሠራተኛው ክንድ ላይ የማይመሠረት ይሁን የሚል ነበር። የመጀመሪያው የተሳካ ቅልቅል በ1988 ተሠራ።

የዚህ ኮንክሪት ምሥጢር ውኃ ማብዛት አይደለም። የጠጠሩ መጠን ይቀንሳል፤ የዱቄቱ፣ ማለትም የሲሚንቶውና ከእርሱ ጋር የሚገባው የኖራ ድንጋይ ዱቄት ወይም ሌላ ደቃቅ ማዕድን መጠን ይጨምራል፤ ሱፐርፕላስቲሳይዘር የሚባለው ኬሚካልም የሲሚንቶ ቅንጣቶች እንዳይጣበቁ ለያይቶ ኮንክሪቱ በጥቂት ውኃ እንዲፈስ ያደርጋል። በ2005 የወጣው የአውሮፓ መመሪያ በአንድ ሜትር ኩብ ከ380 እስከ 600 ኪሎ ግራም ዱቄትና ከ150 እስከ 210 ሊትር ውኃ የተለመደ መጠን አድርጎ ያስቀምጣል። ውጤቱ እንደ ማር የሚፈስ፣ ጠጠሩን ሳይጥል ይዞ የሚጓዝ፣ በፌሮዎች መካከል ሾልኮ በገዛ ክብደቱ ማዕዘኑን ሁሉ የሚሞላ ኮንክሪት ነው። ቫይብሬተር አያስፈልገውም።

በ1998 ለትራፊክ በተከፈተው የጃፓኑ አካሺ ካይኪዮ ተንጠልጣይ ድልድይ፣ ገመዶቹን የሚይዙት ግዙፍ መሠረቶች የተሠሩት በዚህ ኮንክሪት ነው፤ የእነርሱም ሥራ ከሁለት ዓመት ተኩል ወደ ሁለት ዓመት አጥሯል። በ2010 የተመረቀው የዱባዩ ቡርጅ ኸሊፋ ሲገነባ ኮንክሪት ከ600 ሜትር በላይ ከፍታ በፓምፕ ተገፍቷል፤ በሞቃቱ ወራትም በበረዶ እየቀዘቀዘ ሌሊት ሌሊት ይፈስ ነበር። በባሕረ ሰላጤው አገሮች በግንባታ የተሰማሩ ኢትዮጵያውያን የሌሊቱን ሙሌት ያውቁታል። ከሥራው በፊት የሚደረገውን ፍተሻም እንዲሁ ያውቁታል፤ ወደ አገር ቤት መሻገር ያለበት ዕውቀት ይኸኛው ነው።

ትኩሱን ኮንክሪት መፈተሽ

እያንዳንዱ ኮንክሪት የራሱን መለኪያ ይጠይቃል። በውጭ ያሉ ኢትዮጵያውያን ቦንድ የገዙለት የታላቁ ሕዳሴ ግድብ ዋና አካል በሮለር የተጠቀጠቀ ኮንክሪት ነው፤ ይህ ዓይነቱ እጅግ ደረቅ ስለሆነ በተለመደው የስላምፕ ሾጣጣ ቢለካ ንቅንቅ አይልም። በራሱ የሚጠቀጠቀው ኮንክሪት ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ሾጣጣው ሲነሣ ሙሉ በሙሉ ይፈሳል። በሁለቱም ዘንድ የተለመደው የስላምፕ ቁጥር ትርጉም የለውም።

ስለዚህ ለኋለኛው የሚለካው የወረደበት ከፍታ ሳይሆን የተነጠፈበት ስፋት ነው። ቁመቱ 300 ሚሊ ሜትር የሆነው ያው ሾጣጣ በለስላሳ የብረት ሰሌዳ ላይ ተቀምጦ ይሞላል፤ ይነሣል፤ ኮንክሪቱ ተነጥፎ ሲቆም ስፋቱ በሁለት አቅጣጫ ይለካል። ለግድግዳና ለምሰሶ ተስማሚ የሚባለው ከ660 እስከ 750 ሚሊ ሜትር ነው። የ500 ሚሊ ሜትር ክብ ለመድረስ የፈጀበት ሰከንድም ይመዘገባል፤ ይህ ቁጥር ኮንክሪቱ ምን ያህል እንደሚጎተት ይናገራል።

ስፋቱ ብቻውን ግን አታላይ ነው፤ የጉዳዩም ፍሬ ነገር እዚህ ላይ ነው። በባልዲ ውኃ የቀጠነ ተራ አርማታም ይነጠፋል። ላላወቀ ዓይን፣ ይልቁንም በስልክ ለተላከ ቪዲዮ፣ ሁለቱ አንድ ይመስላሉ። ልዩነታቸው ውስጣዊ ነው፦ አንዱ ጠጠሩን ተሸክሞ ይጓዛል፤ ሌላው ጠጠሩን መካከል ላይ ጥሎ ውኃውን በዳር ያንጠባጥባል። በፈሳሽነቱ የሚመሰገነው ኮንክሪት ካልተፈተሸ ቀድሞ በግልጽ የሚታወቀውን ጥፋት የዘመናዊነት ስም ያለብሰዋል። ለዚህ ነው ሌሎቹ ፍተሻዎች የተፈጠሩት።

አንደኛው ሾጣጣውን በቀጥ ባሉ የብረት ዘንጎች በታጠረ ክብ መካከል አድርጎ ኮንክሪቱ በዘንጎቹ መካከል አልፎ መውጣቱን ማየት ነው። ሁለተኛው የኤል ቅርጽ ያለው ሣጥን ነው፤ ኮንክሪቱ ከቁመቱ ወደ አግድሙ በሦስት ዘንጎች መካከል ሲያልፍ፣ በመጨረሻው ጫፍ ያለው ከፍታ በመነሻው ካለው ቢያንስ 80 በመቶ መሆን አለበት። ሦስተኛው የቪ ቅርጽ ያለው ማንቆርቆሪያ ነው፤ ኮንክሪቱ እስኪያልቅ የሚፈስበት ጊዜ በሰከንድ ይቆጠራል። አራተኛው የወንፊት ፍተሻ ነው፤ ናሙናው 15 ደቂቃ ከቆየ በኋላ የላይኛው ክፍል በ5 ሚሊ ሜትር ወንፊት ላይ ይፈስሳል፤ ያለፈው ልጥ ከ15 ወይም ከ20 በመቶ በላይ ከሆነ ኮንክሪቱ የመለያየት ጠባይ አለበት ማለት ነው። እነዚህ ሁሉ የ12350 ቁጥር በያዘው የአውሮፓ ደረጃ ውስጥ ተዘርዝረዋል፤ የአሜሪካው ኤኤስቲኤምም ተመሳሳዮቻቸው አሉት።

ፍተሻዎቹ ሊደረጉ የሚገባው በማምረቻው ብቻ አይደለም። ሱፐርፕላስቲሳይዘሩ የሚሰጠው ፈሳሽነት በጊዜና በሙቀት ይሟሽሻል። ከማምረቻው ሲወጣ 700 ሚሊ ሜትር የተነጠፈ ኮንክሪት በአዲስ አበባ የትራፊክ መጨናነቅ አንድ ሰዓት ተኩል ከቆየ በኋላ፣ ወይም በድሬዳዋና በሰመራ ፀሐይ ሥር ሲደርስ፣ ሌላ ኮንክሪት ሊሆን ይችላል። የሚታመነው መለኪያ ወደ ምሰሶው ሊፈስ ሲል የተወሰደው ነው።

ፋይበሩ የሚጠይቀው ሌላ ፈተና

ቃጫ በጭቃ ውስጥ የመጨመር ዕውቀት ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። ምርጊት የሚመርግ ሰው ጭቃውን ከጤፍ ጭድ ጋር አቡክቶ፣ በእግሩ ረግጦ፣ ለቀናት አስቀምጦ ነው ግድግዳ ላይ የሚያወጣው። ጭድ የሌለበት ምርጊት ሲደርቅ ይተረተራል። በኮንክሪት ውስጥ የሚገባው የብረት ወይም የፕላስቲክ ፋይበርም ተግባሩ ይኸው ነው፤ ስንጥቁ እንዳይሰፋ ሁለቱን ወገን አስተሳስሮ ይይዛል። መራጊዎች ሌላም ነገር ያውቃሉ፦ ጭዱ ሲበዛ ጭቃው አልታዘዝ ይላል።

በራሱ የሚጠቀጠቅ ኮንክሪት ላይ ፋይበር ሲጨመር የሚገጥመው ተቃርኖም ይኸው ነው። አንዱ መፍሰስን ይፈልጋል፤ ሌላው ማስተሳሰርን። የብረት ፋይበር በአብዛኛው በሜትር ኩብ ከ20 እስከ 60 ኪሎ ግራም ይገባል። መጠኑ ወይም ርዝመቱ ሲጨምር ፋይበሮቹ ይጠላለፋሉ፤ እንደ ወፍ ጎጆ ተድቦልቡለው በፌሮው ላይ ይሰነቀራሉ። 60 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያለው ፋይበር በ41 ሚሊ ሜትር የዘንግ ክፍተት ውስጥ እንዲያልፍ መጠበቅ የሚያዋጣ አይደለም። ስለዚህ ምቹነቱ ፋይበሩ ከገባ በኋላ፣ የፍተሻው ዘንጎችም እንደ እውነተኛው ፌሮ ተራርቀው መለካት አለበት። ፋይበር አልባውን ኮንክሪት ፈትሾ ባለፋይበሩን ማፍሰስ ምንም እንዳልተፈተሸ ይቆጠራል።

የጠጠረው ኮንክሪት ፍተሻም መለወጥ አለበት። ፋይበር የመጨመቅ ጥንካሬን እምብዛም አይለውጠውም። በሜትር ኩብ 40 ኪሎ ግራም ብረት የገባበት ኪዩብና ምንም ያልገባበት ኪዩብ ተቀራራቢ ውጤት ሊያስመዘግቡ ይችላሉ። እንግዲህ ገዢው ለፋይበር ተጨማሪ ዋጋ ከፍሎ የሚያገኘው ማስረጃ የኪዩብ ወረቀት ብቻ ከሆነ፣ ፋይበሩ መግባቱን እንኳ የሚያረጋግጥለት ነገር የለም።

ፋይበሩን የሚመሰክረው የመታጠፍ ፍተሻ ነው። በአውሮፓው 14651 ደረጃ መሠረት 150 በ150 ሚሊ ሜትር የሆነ አጭር ቢም ከሥሩ በመጋዝ 25 ሚሊ ሜትር ተሰንጥቆ መሐሉ ላይ ይጫናል፤ ስንጥቁ ግማሽ ሚሊ ሜትር፣ ቀጥሎም እስከ ሦስት ተኩል ሚሊ ሜትር ሲከፈት የሚሸከመው ኃይል ይመዘገባል። ተራ ኮንክሪት እንደተሰነጠቀ ይሰበራል፤ ባለፋይበሩ ግን ተሰንጥቆም ይሸከማል። ዓለም አቀፉ የመዋቅራዊ ኮንክሪት ፌዴሬሽን በ2010 ሞዴል ኮዱ፣ ፋይበር ከመደበኛው ፌሮ የተወሰነውን ሊተካ የሚችለው፣ ስንጥቁ ግማሽ ሚሊ ሜትር ሲከፈት የቀረው ጥንካሬ ከመጀመሪያው ከ40 በመቶ በላይ ሲሆን፣ ሁለት ተኩል ሚሊ ሜትር ሲከፈት የቀረውም ከዚያኛው ከግማሽ በላይ ሲሆን ነው ብሎ ወስኗል። ይህ ቁጥር ሳይቀርብ «ፋይበር ስላለበት ፌሮ ቀንሰናል» የሚል ተቋራጭ ቢመጣ ቃሉ ተቀባይነት ሊኖረው አይገባም።

የመታጠፍ ፍተሻም ቢሆን ሊያሳስት ይችላል። ኮንክሪቱ የሚፈስ በመሆኑ ፋይበሮቹ በፍሰቱ አቅጣጫ ይሰለፋሉ። ናሙናው ከአንድ ጫፍ ተሞልቶ ወደ ሌላው እንዲፈስ ከተደረገ ፋይበሮቹ ሁሉ ቁመቱን ተከትለው ይተኛሉ፤ ውጤቱም እጅግ ያማረ ይሆናል። በሕንፃው ሶሌታ ወይም ግድግዳ ውስጥ ግን ስንጥቁ ከፋይበሮቹ ጋር ጎን ለጎን ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ ናሙናው የተሞላበት መንገድ በውጤቱ ወረቀት ላይ መጻፍ አለበት፤ በትላልቅ ሥራዎችም ከሕንፃው ከራሱ ተቆርጦ የወጣ ናሙና መፈተሽ አለበት።

ከሁሉ ርካሹ ፍተሻ ደግሞ ማጠብ ነው። አሥር ሊትር ትኩስ ኮንክሪት ተወስዶ ይታጠባል፤ ብረቱ በማግኔት ተለቅሞ ይመዘናል። ውሉ በሜትር ኩብ 40 ኪሎ ግራም ካለ አሥሩ ሊትር ውስጥ 400 ግራም ገደማ መገኘት አለበት። የሚያስፈልገው ውኃ፣ ማግኔትና ሚዛን ነው።

ለኢትዮጵያ ለምን ይገዳታል?

ኢትዮጵያን ለሁለት የሚከፍለው የስምጥ ሸለቆ የተኛ አይደለም። በ1953 ዓ.ም. የካራ ቆሬው የመሬት መንቀጥቀጥ የማጀቴን ከተማ አፍርሷል። በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌ አካባቢ በተከታታይ የደረሰው መንቀጥቀጥ ነዋሪዎችን ከቀያቸው ያፈናቀለ ሲሆን፣ ንዝረቱ በአዲስ አበባ ፎቆች ላይ በሚኖሩ ቤተሰቦችም ዘንድ ተሰምቷል። በውጭ ያሉ ልጆቻቸው በዚያን ሌሊት ስልክ ሲደውሉ ከጠየቁት ጥያቄ አንዱ ሕንፃው ይችል እንደሆነ ነበር።

በመሬት መንቀጥቀጥ ጊዜ የሕንፃ ዕጣ ከሚወሰንባቸው ቦታዎች አንዱ ምሰሶና ቢም የሚገናኙበት መጋጠሚያ ነው። የቢሞቹ ፌሮ ከአራት አቅጣጫ፣ የምሰሶው ፌሮ ከላይና ከታች በዚያች ጠባብ ቦታ ይተላለፋል፤ ስታፋውም እዚያው ይደረደራል። አገሪቱ በ2015 እ.ኤ.አ. የአውሮፓን ኮዶች መሠረት አድርጋ ያወጣቻቸው የሕንፃ ኮዶች ለመንቀጥቀጥ ተጋላጭ በሆነ ቦታ ስታፋው ተቀራርቦ እንዲገባ ይጠይቃሉ። ንድፉ በተሻለ መጠን ቦታው ይጨናነቃል፤ በተጨናነቀ መጠንም በእጅ የሚደፋ አርማታ በአግባቡ አይሞላውም። በራሱ የሚጠቀጠቅ ኮንክሪት ጥቅሙ ጎልቶ የሚታየው እዚህ ነው። ፋይበር ሲታከልበት ደግሞ መጋጠሚያው ከተሰነጠቀ በኋላም ኃይል እየሸከመ እንዲቆይ እንደሚረዳው የላቦራቶሪ ሙከራዎች አሳይተዋል።

ይኸው ጥቅም አደጋም አለው። ይህ ኮንክሪት በፎርምወርኩ ውስጥ እንደ ፈሳሽ ይገፋል። ሦስት ሜትር ቁመት ያለው ምሰሶ በአንድ ጊዜ ሲሞላ፣ ከሥሩ በእያንዳንዱ ስኩዌር ሜትር ላይ ሰባት ቶን የሚያህል ግፊት ያርፋል። ለተራ አርማታ ተብሎ በሳንቃና በባሕር ዛፍ አጠና የተወጠረ ፎርምወርክ ይህን ላይችል ይችላል። ፎርምወርኩ ቢፈነዳ ከሥሩ የሚገኙት የቀን ሠራተኞች ናቸው። የፍተሻው ግዴታ እነርሱንም ይመለከታል።

የሚነሡ ተቃውሞዎች

የመጀመሪያው ተቃውሞ ወጪ ነው። ይህ ከፊል እውነት አለው። የመታጠፍ ፍተሻ መሣሪያ ውድ ነው፤ በሁሉም ከተማ ሊኖር አይችልም። ነገር ግን የትኩሱ ኮንክሪት ፍተሻ ሾጣጣ፣ የብረት ሰሌዳ፣ ሜትርና የእጅ ሰዓት ይፈልጋል፤ ሣጥኑንና ማንቆርቆሪያውን ማንኛውም ጥሩ የብረታ ብረት ባለሙያ በልኩ ሊሠራቸው ይችላል። ውዱ ፍተሻ ቅልቅሉ ሲጸድቅ በተወሰኑ ላቦራቶሪዎች፣ ርካሾቹ ግን በየሥራ ቦታው በየዕለቱ ቢደረጉ ወጪው የሚቻል ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ፣ አገሪቱ ተራውን አርማታ እንኳ በአግባቡ ሳትሠራ ስለ አዲሱ መናገር ቅንጦት ነው የሚል ነው። ይህ ሊናቅ የማይገባ ሐሳብ ነው። ለአንድ ፎቅ የመኖሪያ ቤት በራሱ የሚጠቀጠቅ ኮንክሪት አያስፈልግም፤ ደለሉ የታጠበ አሸዋ፣ የሚሠራ ቫይብሬተር፣ ያልበዛ ውኃና ከሙሌት በኋላ ቢያንስ ለሰባት ቀን በአግባቡ ማጠጣት ከየትኛውም ኬሚካል የበለጠ ይጠቅማል። ሲሚንቶ በሚወደድበት ጊዜ ብዙ ዱቄት የሚፈልግ ቅልቅልን ለሁሉም ማዘዝም ትክክል አይሆንም። ነገር ግን ረጃጅም ሕንፃዎች እየተሠሩ ነው። ለእነርሱ የፍተሻ ሥርዓት አስቀድሞ ካልተዘረጋ ቴክኖሎጂው በገበያው በኩል ያለ ሥርዓት ይገባል።

ሦስተኛው ተቃውሞ በውጭ ያለው ሰው ስለ ቴክኒክ ጉዳይ ምን አገባው የሚል ነው። መልሱ አጭር ነው፤ የሚከፍለው እርሱ ነው፤ በሕንፃው ውስጥ የምታድረውም እናቱ ናት።

ምክረ ሐሳቦች

አንደኛ፣ በራሱ የሚጠቀጠቅ ኮንክሪት በሚፈስበት ሥራ ሁሉ፣ እያንዳንዱ የሚክሰር መኪና ከመራገፉ በፊት የመነጠፍ ፍተሻ በሥራ ቦታው ይደረግ። ስፋቱ፣ ሰከንዱ፣ የኮንክሪቱ ሙቀትና ከማምረቻው የወጣበት ሰዓት ይመዝገብ። መለኪያውን ያላሟላውን ጭነት የመመለስ ሥልጣን ለአማካሪው መሐንዲስ በውል ይሰጠው። የማለፍና የመለያየት ፍተሻዎች ቅልቅሉ ሲጸድቅና ዕቃው በተለወጠ ቁጥር ይደገሙ።

ሁለተኛ፣ በሥራ ቦታ ውኃ መጨመር በውል ይከልከል። ፈሳሽነቱን ለማስተካከል የሚፈቀደው በመሐንዲሱ ፊት የሚጨመር፣ መጠኑም የሚመዘገብ ኬሚካል ብቻ ይሁን።

ሦስተኛ፣ ባለፋይበር ኮንክሪት በኪዩብ ውጤት ብቻ አይጽደቅ። የመታጠፍ ፍተሻ ከነአሞላሉ መግለጫ ይቅረብ፤ በሥራው ሂደትም የማጠብ ፍተሻ በየጊዜው ይደረግ።

አራተኛ፣ ከዋናው ሙሌት በፊት ከነሙሉ ፌሮው የሙከራ ምሰሶና መጋጠሚያ ይሠራ፤ ተቆርጦም ውስጡ ይታይ። ፎርምወርኩም ለሙሉ የፈሳሽ ግፊት ተሰልቶ ይሠራ። ይህ በአዋጅ ቁጥር 624/2001 የተጀመረውን የሕንፃ ምድብ አከፋፈል ተከትሎ፣ የሕዝብ መገልገያዎችንና ከ12 ሜትር በላይ ከፍታ ያላቸውን ካካተተው ከምድብ ሐ ይጀምር።

አምስተኛ፣ ላቦራቶሪውን ተቋራጩ ሳይሆን አሠሪው ይምረጥ፤ ክፍያውንም በቀጥታ ይፈጽም። ውጤቱን የሚጽፈው አካል ውጤቱ ባያምር ገቢ የሚያጣ መሆን የለበትም።

ስድስተኛ፣ የቤት ሽያጭ ውሎች ገዢው የፍተሻ መዝገቡን በሙሉ፣ የወደቁትንም ውጤቶች ጨምሮ፣ ናሙናው ከተወሰደበት ፎቅና ቀን ጋር የማየት መብት እንዳለው ይደንግጉ። ክፍያ ከፎቅ ወደ ፎቅ ሲሸጋገር የመዝገቡ መላክ ቅድመ ሁኔታ ይሁን። ይህ አዲስ ሕግ እስኪወጣ መጠበቅ አያሻውም፤ ገዢዎች ዛሬ በሚፈርሙት ውል ውስጥ ሊያስገቡት ይችላሉ።

ሰባተኛ፣ በአሜሪካ፣ በአውሮፓና በባሕረ ሰላጤው በኮንክሪት ላቦራቶሪዎች የሚሠሩ ኢትዮጵያውያን መሐንዲሶችና ቴክኒሻኖች፣ ለአገር ቤት ባልደረቦቻቸው በአማርኛና በሌሎች የአገሪቱ ቋንቋዎች የተዘጋጀ የፍተሻ ሥልጠና እንዲሰጡ መንገዱ ይመቻች። ፎርማኑና የቀን ሠራተኛው ፍተሻው ለምን እንደሚደረግ ካልገባቸው የውኃው ባልዲ ከሥራ ቦታው አይጠፋም።

እነዚህ ምክረ ሐሳቦች በአንድ ዓመት ሁሉም ይፈጸማሉ ማለት አይደለም። የመጀመሪያው፣ ሁለተኛውና ስድስተኛው ግን ከወረቀትና ከቆራጥነት በቀር ብዙ አይጠይቁም። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ ጥያቄው መነሣት ያለበት ሚክሰሩ በር ላይ ቆሞ ሳለ ነው። ኮንክሪቱ አንዴ ምሰሶው ውስጥ ገብቶ ከጠጠረ በኋላ ገዢው የሚቀበለው የተጻፈለትን ብቻ ነው።